የጠርዝ ብርሃን

ደማቅ ቀይ ወይም ብርቱካናማ የሆነ፣ አሻግሮ የሚያሳይ የፕላስቲክ ማስመሪያ በእጁ ገብቶ የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። የማስመሪያው ፊት ቀለም እንደገባበት እንደማንኛውም ፕላስቲክ ደብዘዝ ያለ ነው። ጠርዙ ግን ፍም ይመስላል። ውስጡ አምፖል የተቀበረበት ይመስል ይበራል። ፊቱን በመዳፍ ከለል ሲያደርጉት ፍሙ ይከስማል፤ ሲለቁት መልሶ ይቀላል። ባትሪ የለው፣ ሽቦ የለው! ታዲያ ያ ብርሃን ከየት ይመጣል?

ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይምሰል እንጂ ትልልቅ ሰዎች፣ ያውም ላቦራቶሪ ያላቸው፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲያላምጡት የኖሩት ነገር ነው። ምኞታቸው ባጭሩ ይህ ነው፤ የሕንፃ መስታወት ዝም ብሎ ከሚገተር፣ ያ የማስመሪያ ጠርዝ የሚያደርገውን አድርጎ ኤሌክትሪክ ይስጠን። የመሣሪያው ስም “ሉሚነሰንት ሶላር ኮንሰንትሬተር” ይባላል፤ ተጠርቶ እስኪያልቅ ትንፋሽ ያሳጥራል። ወደ አማርኛ ልመልሰው ብሞክር “ፈኪ የፀሐይ ብርሃን አከማች” የሚል፣ ከፈረንጅኛውም የባሰ ነገር ወጣኝና ተውኩት። ለዚህ ጨዋታችን “አጥማጅ መስታወት” ብንለው ይሻላል። ዓሣ አጥማጅ ቅርጫቱን ሲሠራ መግቢያውን ሰፊ፣ መውጫውን አስቸጋሪ አድርጎ አይደል? ይህም እንደዚያው ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅልኝ።)

አሠራሩ እንዲህ ነው። የጠራ ፕላስቲክ ወይም መስታወት ሲሠራ ልዩ ቀለም ይጨመርበታል። የተለመደ ቀለም የዋጠውን ብርሃን ወደ ሙቀት ለውጦ እዚያው ያስቀረዋል፤ ይህኛው ግን አያስቀርም። የፀሐይን ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ይውጥና፣ ጥቂት ጉልበት ቀንሶ በሌላ መልክ፣ ለምሳሌ ቀይ አድርጎ፣ መልሶ ይተፋዋል። በኦሞ የታጠበ ነጭ ሸሚዝ ጭፈራ ቤት ውስጥ በዚያ ወይን ጠጅ መብራት ሥር ሰማያዊ ሆኖ የሚፈካው፣ የመንገድ ሠራተኛው ሰደርያ ከሩቅ ዓይን የሚወጋው በዚሁ ምክንያት ነው።

ቀለሙ የሚተፋው ብርሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አይሄድም፤ ወደ ላይም፣ ወደ ታችም፣ ወደ ጎንም ይበተናል። ወደ ሰሌዳው ፊት ቀጥ ብሎ የመጣው ሾልኮ ይወጣል። አግድም የመጣው ግን መውጫ ያጣል፤ የፕላስቲኩ ገጽ ከውስጥ በኩል እንደ ፊት መስተዋት ሆኖ ይመልሰዋልና። ዋናተኛ ከውኃው ሥር ሆኖ ሽቅብ ሲያይ፣ ከአናቱ በላይ ካለው ክብ መስኮት በስተቀር የውኃው ገጽ መስተዋት የሚሆንበት በዚሁ ሕግ ነው። ለተራ ፕላስቲክ ሒሳቡ ሲሠራ፣ ከተተፋው ብርሃን ከአራት እጅ ሦስቱ ውስጥ ተይዞ ይቀራል፤ አንዱ እጅ ያመልጣል። የተያዘው ወዲያና ወዲህ እየተላተመ እስከ ጠርዙ ይሄድና እዚያ ይወጣል። ፍም የሚመስለው እሱ ነው። እንግዲህ እዚያ ጠርዝ ላይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ሴል በቀጭኑ ቆርጦ መለጠፍ ነው።

አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰሌዳ ብንወስድ ፊቱ 10,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ አራቱ ጠርዞች ተደምረው ግን 200 ብቻ ናቸው። ሃምሳ ለአንድ! ሌላም ጸጋ አለው። ብርሃንን በሌንስ ወይም በመስተዋት የሚያከማቹ መሣሪያዎች ቀኑን ሙሉ ፀሐይን እየተከተሉ መዞር አለባቸው፤ ደመና ከመጣ ደግሞ ሥራ ይፈታሉ። አጥማጁ መስታወት ብርሃኑ በየት በኩል እንደመጣ ግድ የለውም፤ የክረምት ደመና ብርሃንም ብርሃኑ ነው። ግድግዳ ደግሞ እንደ ሱፍ አበባ አይዞርም። ለሕንፃ የተፈጠረ ነው ቢባል ማን ይፈርዳል?

ሐሳቡን በ1976 በጽሑፍ ያወጡት ዌበርና ላምብ የተባሉ ሰዎች የፎርድ መኪና ኩባንያ ተመራማሪዎች ነበሩ። ከ1973 ወዲህ የነዳጅ ዋጋ አራት እጥፍ በማሻቀቡ የመኪና ፋብሪካ ሰዎች ሳይቀሩ ቀና ብለው ፀሐይን ያዩበት ዘመን ነው። በማግስቱ ዓመት ጀርመናዊው አዶልፍ ጎትስበርገር ከባልደረባው ከግሮይበል ጋር ሆኖ ነገሩን በሌላ ጽሑፍ አሰፋው። ጎትስበርገር ቀድሞ አሜሪካ ውስጥ፣ ከትራንዚስተር ፈልሳፊዎች አንዱ በሆነው በሾክሌይ ዘንድ የሠራ ሰው ነው፤ በ1981 ፍራይቡርግ ከተማ ውስጥ የፍራውንሆፈርን የፀሐይ ኃይል ተቋም የመሠረተውም እሱ ነው። ያን ጊዜ ዋናው ምክንያት ቁጠባ ነበር። አንድ ዋት የሚሰጥ የሲሊከን ሴል በአሥሮች የሚቆጠር ዶላር ያወጣ ነበር። ርካሹ ፕላስቲክ ብርሃኑን ይሰብስብ፣ ውዱ ሴል ጠርዝ ላይ ጥቂት ብቻ ይቀመጥ፤ ይህ ነበር ዘዴው።

እኔን የሚያስደስተኝ አጋጣሚ የቀለሙ ታሪክ ነው። መጀመሪያ ከተሞከሩት እንደ ሮዳሚን ያሉት ሲፈኩ እጅግ ያምራሉ፤ ፀሐይ ላይ ሲውሉ ግን ይሞታሉ። በኋላ የፔሪሊን ወገን የሆኑ ቀለሞች መጡ። የፔሪሊን ቀዮች ማለት የመኪና ቀይ ቀለም ውስጥ የሚገቡት፣ ዓመታት ሙሉ ደጅ አድሮ የሚውለውን መኪና ቀይ አድርገው የሚያቆዩት ናቸው። ከእነሱ ወገን ቤ.አ.ኤስ.ኤፍ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ያመረተው “ሉሞጅን ኤፍ ቀይ 305” የዚህ ሙያ አውራ ሆነ። ከዋጠው ከመቶው ከ95 የሚበልጠውን መልሶ ይሰጣል፤ እንዲህ ያለ ሐቀኛ አደራ ተቀባይ ከሰውም አይገኝ። ስለዚህም አዲስ ቀለም የሠራ ኬሚስት ሁሉ ሥራውን ከዚህ ቀይ ጋር እያስተያየ ነው የሚመዝነው። ሐሳቡ ከመኪና ፋብሪካ፣ ቀለሙ ከመኪና ቆዳ። መኪናው በኋላም ይመጣል።

ታዲያ ቀለሙ ይህን ያህል ሐቀኛ ከሆነ ምን ጎደለ? ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ቀለሙ የሚተፋው ብርሃን ከሚውጠው ብርሃን ብዙም የራቀ አይደለም፤ ድንበራቸው ይደራረባል። ከአንዱ ቅንጣት የወጣ ብርሃን ወደ ጠርዙ ሲገሰግስ መንገድ ላይ ሌላ የዚያው ቀለም ቅንጣት ያገኘዋል። ይውጠዋል፤ እንደገና ይተፋዋል። በተተፋ ቁጥር ደግሞ ከአራት አንዱ እጅ በፊቱ በኩል ያመልጣል። ከ100 ብንነሣ አንዴ ሲተፋ 75 ይቀራል፤ ሁለተኛ ሲተፋ 56፤ ሦስተኛ ሲተፋ 42። በድሮ ጊዜ ነጋዴ ከጎጃም ጨው በረት ድረስ ኬላ በኬላ እየተቀረጠ ሲመጣ ከጭነቱ ምን ያህል ይተርፍለት እንደነበር ያስታውሷል። ብርሃኑም ኬላ ይበዛበታል። ሰሌዳው በሰፋ ቁጥር መንገዱ ይረዝማል፤ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ቀራጩ ይበዛል። ያ ያስጎመጀን ሃምሳ ለአንድ ወረቀት ላይ ይቀራል ማለት ነው።

በዚህ ሙያ ሲጠቀስ የኖረውን ትልቅ ውጤት እንይ። በ2008 ኔዘርላንድስ ውስጥ የተሠራ ሰሌዳ ከወደቀበት የፀሐይ ኃይል 7.1 በመቶውን ወደ ኤሌክትሪክ ለወጠ። ደግ ነው። ሰሌዳው ግን 5 ሴንቲ ሜትር በ5 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱም 5 ሚሊ ሜትር ነበር፤ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ እንኳ አይሆንም። ፊቱ 25 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ጠርዞቹ 10። ሁለት ተኩል ለአንድ! ጠርዙ ላይ የተለጠፉት አራት ሴሎችም ተራ ሲሊከን ሳይሆኑ ጋሊየም አርሰናይድ የሚባለው ውድ ዕቃ ናቸው። ዛሬ ገበያ ላይ ያለ ተራ የጣራ ሰሌዳ ከ20 በመቶ በላይ ይለውጣል። ይህን የምለው ሠሪዎቹን ለማሳነስ አይደለም፤ “ከእንግዲህ መስኮት ሁሉ የኃይል ማመንጫ ሊሆን ነው” የሚለውን ዜና ባነበብኩ ቁጥር መጀመሪያ የምፈልገው የሰሌዳውን ስፋት ስለሆነ ነው። ዜናው አብዛኛውን ጊዜ እሱን ይዘለዋል።

ነገሩን በወሬ ብቻ ከምሰማው ብዬ አንድ ቀን ከአንድ ማስታወቂያ ሠሪ ዘንድ ሄጄ የሚፈካ ቀይ የአክሪሊክ ቁራጭ ጠየቅሁት። ፊደል ከተቆረጠለት የተረፈ፣ ከደብተር ሰፋ የሚል ነበር።

“ጋሼ፣ ለምን ሊያደርጉት ነው?” አለኝ።

“ብርሃን ላጠምድበት።”

ሳቀ። ከዚያ ግን ፊቱን ኮስተር አድርጎ ሙያዊ ምክሩን ለገሰኝ። “ውጭ የሚሰቅሉት ከሆነ ቀዩን አይውሰዱ። ፀሐይ መጀመሪያ የምትወስደው ቀዩን ነው። ሰማያዊው ይቆይልዎታል።”

ሳይንቲስቶቹ በብዙ ገጽ የሚጽፉትን በአንድ ትንፋሽ ነገረኝ። ቀይ ሆኖ የሚታየን ዕቃ ቀይ የሆነው ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ስለሚውጥ ነው፤ ጉልበት ያለው፣ የሚጎዳውም ብርሃን ደግሞ ያ ነው። ምግቡ ነው የሚገድለው። ለአጥማጅ መስታወት የሚመረጥ ቀለም ከመፍካት ሌላ ይህን ምግብ ዓመታት ሙሉ በልቶ አለመሞት አለበት። የሕንፃ መስታወት እንደ መጋረጃ በየሁለት ዓመቱ አይለወጥማ!

ቁራጩን ይዤ ቤት ገባሁ። ከተበላሸ የፀሐይ ፋኖስ ትንሽ ሴል ነቅዬ፣ የጠርዙን ውፍረት የምታክል ስንጥቅ ብቻ አስቀርቼ በጥቁር ናስትሮ ሸፈንኳትና ጠርዙ ላይ ገጠምኳት፤ ሁለቱን ሽቦዎች ከቴስተር ጋር አገናኘሁ። ሰማዩ ደመና ነበር። ሰሌዳውን መስኮቱ ላይ ሳቆመው የቴስተሩ መርፌ ተንቀሳቀሰች። ፊቱን በጋዜጣ ስሸፍነው ወረደች፤ ስገልጠው ወጣች። በቃ፤ ፀሐይ ሳታየው የዋለ ሴል ከጓሮ በር በገባ ብርሃን ሲሠራ ማየት እንዲህ ደስ ይላል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ። ሴሉ የተገጠመበት ጠርዝ አይበራም። ያ ዓይን የሚስበው ፍም ለካ ለሴሉ የሚገባው ብርሃን ነው፤ የሚታየን ሳንጠቀምበት ሲቀር ነው። አራቱም ጠርዝ በሴል የተከበበ፣ በደንብ የሚሠራ አጥማጅ መስታወት ሲያዩት ጠርዘ ጨለማ ነው።

ቀለሙ ብርሃኑን እየዋጠ የሚያስቸግረውን ነገር ለመገላገል የተሄደበት መንገድ ወደ ድሮ ባለ ቀለም መስታወት ይመልሰናል። ቀይና ቢጫ መስታወት ከሚሠራባቸው ጥበቦች አንዱ ካድሚየምና ሴሌኒየም መስታወቱ ውስጥ ጨምሮ ማብሰል ነው፤ ባለ ቀይ የትራፊክ መብራት ክዳን በዚህ ይሠራ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሌኒንግራድ ውስጥ አሌክሲ ኤኪሞቭ የተባለ ሰው ባለ ቀለም መስታወት ሲመረምር፣ ቀለሙን የሚወስነው ቅንጣቱ ምን መሆኑ ብቻ ሳይሆን ምን ያህል ትንሽ መሆኑም እንደሆነ አገኘ። ያው ዕቃ ቅንጣቱ ሲያንስ አንድ መልክ፣ ከፍ ሲል ሌላ መልክ። ስፋታቸው የአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ሚሊዮንኛ የሆነ እነዚህ ቅንጣቶች “ኳንተም ዶት” ተባሉ፤ ኤኪሞቭም በ2023 ከብረስና ከባዌንዲ ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመባቸው።

በ2014 የሚላኖ ቢኮካ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው የሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ ሰዎች ከእነዚህ ቅንጣቶች ሥራ የተከፋፈሉ ሠሩ። ፍሬው ካድሚየም ሴሌናይድ፣ ቅርፊቱ ወፍራም ካድሚየም ሰልፋይድ። ቅርፊቱ ብርሃኑን ይውጣል፤ ፍሬው ይተፋዋል። ፍሬው የሚተፋውን ቅርፊቱ ስለማይውጥ፣ ፍሬውም በጣም ትንሽ ስለሆነ፣ ኬላው ይነሣል ማለት ነው። እውነትም ብርሃኑ በሰፊ ሰሌዳ ውስጥ ሳይዘረፍ ተጓዘ። ይሁን እንጂ ካድሚየም መርዝ ነው፤ ኩላሊትንና አጥንትን ይጎዳል። ሕንፃ ይቃጠላል፤ ሕንፃ ይፈርሳል፤ መስታወት ይሰበራል። ፍርስራሹን በእጁ የሚለቅመው ሰው ማን እንደሆነ የትኛውም ከተማ ያውቀዋል። ስለዚህ በ2015 እነዚሁ ሰዎች ካድሚየም የሌለበትን፣ ከመዳብና ከኢንዲየም የተሠራውን አመጡ፤ በ2017 ደግሞ የሚላኖዎቹ ከሚኒሶታ ሰዎች ጋር ሆነው ከሲሊከን የተሠራ ቅንጣት። ይኸኛው እኔን በጣም አስገርሞኛል። አሸዋ ውስጥ የሞላው ሲሊከን ነው ብርሃኑን የሚያጠምደው፤ ጠርዙ ላይ ሆኖ የሚቀበለውም ራሱ ሲሊከን ነው።

ሌሎቹ ቀለሙን ከነጭራሹ ጠሉት። የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲው ሪቻርድ ለንትና ባልደረቦቹ በ2014 ዓይን የሚያየውን ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ዓይን የማያየውን ብቻ የሚያጠምድ ሰሌዳ አሳዩ። ከኋላው ቢቆሙ ተራ መስኮት ነው። ያኔ የለወጠው ግን አንድ በመቶ አይሞላም ነበር። መስኮት ወይ ብርሃኑን ያሳልፋል፣ ወይ ያስቀራል፤ ለክፍሉ የሰጠውን ለሽቦው መልሶ ሊሰጥ አይችልም። ኬሚስት ቢሆን፣ ጠንቋይ ቢሆን ይህን አያልፈውም።

እዚህ ላይ ነው ከኋላ የሚቀመጠው ሰው የሚመጣው። ቀይ መስታወት ከውጭ ሲያዩት ደስ ይላል፤ ውስጡ ስምንት ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰውስ? የባልደረባው ፊት ቀይ፣ ወረቀቱ ቀይ፣ የምሳው እንጀራ ቀይ! የአይንድሆቨን ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ይህን ጉዳይ እንደ ዋዛ አልተውትም፤ ሰዎችን ከቀይ መስኮት ኋላ ቢሮ ውስጥ አስቀምጠው የጠየቁበትን ጥናት በ2016 አሳትመዋል። የመስኮቱ ጥቂት ክፍል ብቻ ቀይ ሲሆን ሰው ይቀበለዋል፤ እየሰፋ ሲሄድ ይከፋዋል። ስለ ፀሐይ ኃይል ከሚጻፈው መዓት ውስጥ የተቀማጩን ሰው ስሜት የሚጠይቅ ወረቀት ማግኘት ብርቅ ስለሆነ ይህን ጥናት እወደዋለሁ።

እነዚሁ ሰዎች፣ በማይክል ዴባይ መሪነት፣ በ2015 ሰሌዳቸውን ከላቦራቶሪ አውጥተው ደን ቦስ ከተማ አጠገብ አውራ ጎዳና ዳር አቁመውታል። እንግዲህ መኪናው ተመልሶ መጣ። የመኪናው ጩኸት ወደ መንደሩ እንዳይገባ የሚቆመውን ግድግዳ ከባለ ቀለም አጥማጅ ሰሌዳ ሠሩት፤ ሁለት ግድግዳ፣ እያንዳንዱ 5 ሜትር ወርድ፣ 4 ሜትር ተኩል ቁመት። ቦታው በደንብ የተመረጠ ነው። ከኋላው ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው የለም፤ ግድግዳው ለጩኸቱ ሲባል እንደሆነ መቆሙ አይቀርም፤ ኤሌክትሪኩ ምርቃት ነው።

ምርቃት መሆኑን አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። የነጎትስበርገር ቁጠባ ዛሬ የለም። ያኔ በአሥሮች ዶላር ይሸጥ የነበረው የሲሊከን ዋት ዛሬ ከግማሽ ዶላር በታች ወርዷል። ውድ ሴል ለመቆጠብ ርካሽ ፕላስቲክ የሚል ክርክር ሴሉ ራሱ ሲረክስ ምን ይውጠዋል? በተለመደው ሥርዓት ቢሆን ሐሳቡ መሞት ነበረበት። አልሞተም። የቆየው ስለሚያምር ነው። አርክቴክቱ ጥቁር ሰሌዳ ፊቱ ላይ መለጠፍ አይወድም፤ ቀለም ስጡኝ፣ አሻግሮ የሚያሳይ ስጡኝ፣ እንደ ልቤ የምቆርጠው ስጡኝ ይላል። ለቁጠባ የተወለደው ልጅ በጌጥ አደገ። በኔ አስተያየት ይህን በግልጽ መናገር ነውር አልነበረም፤ ግን ኤሌክትሪኩን አግንኖ ውበቱን በጓዳ መደበቅ የተለመደ ሆኗል።

እኛም ከተማ መስታወት መጥቷል። ከ200 ሜትር በላይ የሆነው፣ በ2022 የተመረቀው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት የሚታየው ከየትም ነው፤ ከእሱ በታችም ሰማያዊና አረንጓዴ መስታወት የለበሰው ሕንፃ ስፍር ቁጥር የለውም። እንደምናየው ብዙዎቹ መስታወት ይለብሱና ከሰዓት በኋላ መጋረጃ ይጎትታሉ። ታዲያ ይህ ሁሉ መስታወት አጥማጅ ቢሆን?

አንድ ሕንፃ እንሳል። ወርዱ በሁለቱም በኩል 30 ሜትር፣ ቁመቱ 100 ሜትር። ጣራው 900 ካሬ ሜትር ነው፤ አራቱ ግድግዳዎች 12,000። ጣራውን በተራ ሰሌዳ ሸፍነን 20 በመቶ ብናስብ፣ ፀሐይ ስትበረታ 180 ኪሎ ዋት እናገኛለን። ግድግዳዎቹን በሙሉ በአጥማጅ መስታወት ሸፍነን፣ ለሰፊ ሰሌዳ 2 በመቶ ብንሰጠው 240 ይሆናል። ነገር ግን ፀሐይ በአንድ ጊዜ አራቱንም ግድግዳ አትመታም። ግማሹን ቢሰጠን ትልቅ ነገር ነው። አሥራ ሁለት ሺህ ካሬ ሜትር መስታወት ሸፍነን ከጣራው ማነስ!

ሌላም አለ። አይንድሆቨን ላይ በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች፤ ግድግዳውን ፊት ለፊት ነው የምታየው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ፣ በዚያው በታኅሣሥ እንኳ የቀትር ፀሐይዋ ከ57 ዲግሪ አትወርድም፤ በሰኔ ደግሞ አናታችንን አልፋ በሰሜን በኩል ነው የምትሄደው። የደቡቡ ግድግዳ ያኔ በቀትር በቀጥታ አያያትም። ለኛ ፀሐይ የጣራ እንጂ የግድግዳ እንግዳ አይደለችም። ስለዚህ ይህን መስታወት ለኛ ሕንፃ ሁሉ ልሽጥ የሚል ሰው ቢመጣ፣ መጀመሪያ ጣራህን አሳየኝ ልለው ይገባል።

ባለ ቀለም መስታወት ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። አፈወርቅ ተክሌ ለአፍሪካ አዳራሽ የሠራው፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሞላው የመስታወት ሥዕል አዳራሹ በ1961 ሲመረቅ ጀምሮ አለ፤ አዳራሹም ታድሶ በ2024 እንደገና ተከፍቷል። ከዚያ መስታወት አንድ ዋት የጠየቀ የለም። ብርሃኑን ቀለም አልብሶ ወለሉ ላይ ይጥለዋል፤ ሥራው ያ ነው።

ቢሆንም ለአጥማጁ መስታወት አንድ ቦታ አይቼለታለሁ። የጠዋትና የማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ የምትገባው በምሥራቅና በምዕራቡ ግድግዳ ነው፤ መጋረጃ የሚያስጎትተውም እሱ ነው። በእነዚያ ግድግዳዎች ላይ፣ ከመስኮቱ ውጭ ወጣ አድርጎ፣ እንደ በረንዳ ጥላ የሚቆሙ ሰሌዳዎች ቢሰቀሉ ተቀማጩ ቀይ እንጀራ አይበላም፤ ክፍሉ አይሞቅም፤ ጥላው እንደሆነ ለማንኛውም ያስፈልጋል። ሰሌዳዎቹ ጠበብ ያሉ ስለሚሆኑ ኬላውም ያንሳል። እኔ ብጠየቅ ቢጫ አደርጋቸው ነበር። ቢጫ የሚውጠው ሰማያዊውን ብቻ ስለሆነ ከቀዩ ያነሰ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ ይሁን። ከላይና ከሁለቱ ጎን ሴል ይለጠፍ። የታችኛውን ጠርዝ ግን ባዶውን እተወዋለሁ፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ በሥሩ የሚያልፍ ሰው ቀና ሲል እንደ አደይ አበባ ሲበራ እንዲያየው።